ሽርጥ ያገለደመው አኳሪየም

አርባ ዓመት ሙሉ መኪና ግርግር ላይ ተቀምጦ ልብስ የሰፋ ሰው አንድ ቀን ዝምታ በስጦታ ቢሰጡት ምን ያደርጋል? ዘከሪያ ያደረገውን ያደርጋል፤ ዝምታውን በሁለት እጁ አቅፎ፣ ባጃጅ ተሳፍሮ፣ ከነውሃው ቤቱ ይዞት ይገባል።

መኪና ግርግርን ለማያውቅ፣ ስሙ ራሱ ይነግረዋል። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊደር መጋላ የሚያወርደው ጠባብ መንገድ ግራና ቀኙ የስፌት መኪና ነው። ጎማ ያለው እንዳይመስላችሁ፤ በእግር የሚረገጠው ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲረገጥ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይመስላል፤ ልዩነቱ ዝናብ ያባራል። ዘከሪያ በአሥራ አራት ዓመቱ እዚያ ተቀመጠ፣ አሁን ሃምሳ አራት ሞልቶታል። ከእነዚያ መኪኖች አንዱ ጆሮው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ሱቁን ዘግቶ ሲሄድ አብሮት ይሄዳል፣ ሲበላ ይረግጣል፣ ሲያርፍ ይረግጣል። ዝምታ የሚባለውን ነገር ሰው ሲያወራለት ይሰማል እንጂ አግኝቶት አያውቅም።

ስጦታውን የሰጡት አቶ ኒቆዲሞስ ናቸው። አቶ ኒቆዲሞስ ከአሮጌው ከተማ ግንብ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ፣ ሃያ ዓመት ምግብ ቤት የያዙ ሰው ነበሩ፤ ሆዳቸው በየዓመቱ አንድ ጣት ስለሚጨምር ኮታቸውን በየዓመቱ አንድ ጣት የሚለቅላቸው ዘከሪያ ነው። በዚያ ሳምንት ምግብ ቤቱን ዘግተው ድሬዳዋ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ዕቃ እያስጫኑ ነበር። ዘከሪያ የመጨረሻውን ኮት ሊያደርስ ሄደና፣ ኮቱን በክንዱ እንዳንጠለጠለ፣ በባዶው አዳራሽ ጥግ ከቆመው አኳሪየም ፊት ደርቆ ቀረ። ውስጡ አንድ ወፍራም ብርቱካንማ ዓሣ አለ።

«ምን ሆንክ ዘከሪያ? ኮቱን ለእኔ ነው ለእሱ ያመጣኸው?» አሉ አቶ ኒቆዲሞስ።

«አይጮህም» አለ ዘከሪያ።

«ዓሣ ነዋ!»

«አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ እንደገና ይከፍታል። ግን ‹መቼ ይደርሳል?› አይልም። በአርባ ዓመት እንዲህ ያለ ደንበኛ አይቼ አላውቅም፣ አቶ ኒቆዲሞስ።»

አቶ ኒቆዲሞስ የኮታቸው ቁልፍ እስኪበጠስ ሳቁ፤ ዘከሪያም እዚያው ቆሞ ቁልፉን ተከለላቸው። ሲጨርስ «በል ውሰደው» አሉት። «ጭነቱ ላይ ቦታ የለውም። ምግቡ በቆርቆሮው አለ፣ በቀን አንድ ቁንጥር። ሌላ የሚጠይቅህ ነገር የለም።»

ሌላ የሚጠይቅ ነገር እንዳለ የታወቀው ገና ባጃጁ ላይ ነው። ባጃጁ አንድ ጉድጓድ ሲዘል ውሃው ሾፌሩን ከትከሻው እስከ ወገቡ አለበሰው። «አቦ!» አለ ሾፌሩ፣ «ሰው ነው የጫንኩት ወይስ ቀይ ባሕርን?»

የዚህ ታሪክ ጣጣ ሁሉ ግን ባጃጁ ሳይሆን ወለሉ ነው።

የዘከሪያና የሚስቱ የሱመያ ቤት ከኤረር በር ትንሽ ገባ ብሎ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መንገድ ላይ ነው። ሱመያ ከእናቷ የወረሰችው የድሮ የሐረሪ ቤት ነው። አንድ ትልቅ ክፍል፣ ነደባ የሚባሉት ደረጃ በደረጃ ከፍ የሚሉ መደቦች፣ ግድግዳው ላይ ሰሃንና ባለቀለም ሙዳይ፣ ከታች ደግሞ ቀይ አፈር የተለቀለቀ ወለል። ብዙ ሰው ዛሬ ወለሉን በሲሚንቶ መትቶ ቀይ ቀለም ይቀባና ይገላገላል። ሱመያ ግን አፈሩን ራሷ ትነፋለች፣ ራሷ ታቦካለች፣ ራሷ በመዳፏ ትለቀልቃለች። ከዚያ ነው ዋናው ሥራ፤ አፈሩ ሲጠነክር ስስ ውሃ እየተረጨ፣ በለሰለሰ የወንዝ ድንጋይ ይታሻል። ውሃው ከሳሳ ወለሉ እንደ መስታወት ያበራል፤ ጠብታው ከወፈረ አፈሩ ይቦረቦራል፤ ከተጠራቀመ ጭቃ ነው፣ አለቀ።

የሱመያ እናት ውሃውን የሚረጩት በአፋቸው ነበር። ይጎርሱና እፍ ሲሉ ጤዛ ይወርዳል። ሱመያ እፍ ስትል የሚወርደው ሽምብራ ነው። አርባ ዓመት ሞክራለች። በጣቷ ሞክራለች፣ በቅጠል ሞክራለች፣ የሽቶ ጠርሙስ አጥባ ሞክራለች፤ ሽምብራ ነው። እና የሴቶቹ አፎቻ፣ ያው ለሠርግም ለሐዘንም የሚረዳዱበት ማኅበር፣ ቤቷ በተሰበሰበ ቁጥር የአፎቻው ትልቅ እማማ አይሻ ከበሩ ቆም ብለው፣ ወለሉን አየት አድርገው፣ ሁለት ቃል ብቻ ይናገራሉ፦ «አይ እናትሽ!»

ሌላ አይሉም። ሱመያ ግን እነዚያን ሁለት ቃላት እስከሚቀጥለው ዓመት ታኝካቸዋለች።

እንግዲህ ዘከሪያ አኳሪየሙን አቅፎ የገባው አፎቻው ቤቷ ሊሰበሰብ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ሱመያ።

«ደንበኛ ነው።»

«ልኩን ውሰድና ሸኘው።»

«ሱመያ፣ እይው እስቲ፤ አይጮህም እኮ!»

«እኔስ እስካሁን ጮኬአለሁ? ዛሬ ልጀምር ነው።»

ግን ሸኘው ብላ አልጨከነችም። ከተጋቡ ጀምሮ ዘከሪያ ለራሱ ብሎ ወደዚያ ቤት ያስገባው ነገር ቢኖር ይሄ ዓሣ ነበር። ዘከሪያ የቤቱ አባወራ የሚቀመጥበት ከፍተኛው ነደባ ላይ ሊያስቀምጠው አማረው፤ እሷም «አባቴ የተቀመጠበት ላይ? እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ ለማን ነው ሰላም የሚለው?» አለችው። ስለዚህ አኳሪየሙ ባለአራት እግር የብረት ማቆሚያ ላይ ሆኖ፣ ወለሉ ጥግ፣ ከታችኛው መደብ አጠገብ ቆመ። ዓሣው ስሙ «ደንበኛው» ሆኖ ቀረ።

ዘከሪያ ከሥራ ሲመለስ ፊቱ ይቀመጣል። ደንበኛው አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። እየቆየ፣ እየቆየ፣ ጆሮው ውስጥ ያለው መኪና ፍጥነት ይቀንሳል፤ አንድ ቀን ወደ ማታ ጸሎት ሊጠራ ሲል ጭራሽ ቆመ። ዘከሪያ ደንግጦ ጆሮውን ነካ ነካ አደረገው። አልሃምዱሊላህ! የጎረቤት ዶሮ ስትጭር ሰማ።

ችግሩ፣ ደንበኛው ድምፅ የለውም እንጂ ጭራ አለው። ያቺን ቁንጥር ምግብ ሲያይ ውሃውን በጭራው ይመታል፤ ከውሃውም ጥቂቱ በመስታወቱ ጠርዝ ዘሎ ይወርዳል። አየር የሚነፋው ትንሽ ሞተር ደግሞ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር እንደ ሕፃን ትፍ ይላል። መጀመሪያ ዘከሪያ ጨርቅ አነጠፈ። ሱመያ «ቤቴን ጋራዥ አደረግኸው» ብላ አነሳችው። ቀጥሎ ትልቁን ትሪ ከሥር አስቀመጠ። ትሪው ጠብታውን ይቀበላል፤ ግን ጠብ… ጠብ… ጠብ… ዝምታ ሊሰማ የተቀመጠ ሰው ትሪ ይሰማ ጀመር። ይባስ ብሎ አንድ ቀን ትሪው ሞላ። ዘከሪያ ሙሉውን ትሪ በሁለት እጁ አንስቶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ እንደ ሙሽራ እየተራመደ ወደ በሩ ሄደ። ስምንት እርምጃ ደህና ሄደ። ዘጠነኛው ላይ ደንበኛውን ሊያይ ዞረ።

ሱመያ ከጓዳ ስትወጣ ወለሏ ላይ የአንድ ሰው ሙሉ እግር፣ ከነጣቶቹ፣ በጭቃ ታትሟል።

«ወላሂ!» አለች።

ዘከሪያ ትሪውን ጣለው። ሱመያ በዋዛ የምትምል ሴት አይደለችም። በሕይወቷ ሁለት ጊዜ ነው ወላሂ ያለችው። አንዴ ከዘከሪያ ሌላ አላገባም ብላ፤ አንዴ በእናቴ ወለል ላይ ሲሚንቶ አይፈስም ብላ። ሁለቱንም ጠብቃለች፤ በመጀመሪያው ምክንያት ብዙ ነገር ችላለች።

«ወላሂል አዚም፣ ከዚህ በኋላ የዚህ ዓሣ ውሃ አንዲት ጠብታ ወለሌን ከነካች፣ ዓሣው ከዚህ ቤት ይወጣል! ይወጣል ብያለሁ ወጣ!»

«አንዲት?»

«ግማሿም ብትሆን!»

እግሩ የታተመበትን ወለል በስንት ጭንቅ አስተካክላ፣ አዲስ አፈር አልብሳ ለቀለቀችው። አፎቻው ሊሰበሰብ ስምንት ቀን ቀረው።

በማግሥቱ ዘከሪያ መኪናው ላይ ተጎልቶ አንድ ኮሌታ ሦስት ጊዜ ገልብጦ ሰፋ። በቀኙ የሚሰፋው ነስሮ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ሠላሳ ዓመት ነስሮ ሲቀልድ ዘከሪያ የምሩን ሲወስድበት ኖሯል።

«አቦ ምን ሆነሃል?» አለ ነስሮ።

ዘከሪያ ነገረው።

«ጥበሰውና ብላው፤ ወለሉም ይደርቃል።»

«ደንበኛ አይጠበስም።»

«እሺ፣ ሴራሚክ አስነጥፍ።»

«ሱመያ እኔን ነው የምታነጥፈኝ።»

«አቦ ተወኝ! በቃ ሽርጥ አስታጥቀው፤ ላቡን እንኳ ይሰበስብለታል!» ነስሮ በራሱ ቀልድ ሊፈነዳ ደረሰ።

የዘከሪያ እግር መርገጫው ላይ ቆመ። የመኪና ግርግር ሰው ይመስክር፣ በጠዋቱ ያ እግር ቆሞ አያውቅም። ነስሮ ሳቁን አቋርጦ «ኧረ ስቀልድ ነው!» አለ። ዘከሪያ ግን ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ሄዷል።

የአኳሪየሙን ልክ ወሰደ። ወገብ፣ ዳሌ፣ ቁመት። ወገቡም ዳሌውም አንድ ሆነበት፤ እንደዚህ ያለ ደንበኛ ቢኖር አቶ ኒቆዲሞስ ብቻ ናቸው። ከጊደር መጋላ ወፍራም ሰማያዊ ሸራ ገዛ፤ ነጋዴዎች ጫት ከዝናብ የሚሸፍኑበትን፣ ውሃ ሽታውን እንኳ የማያሳልፈውን። ቆረጠው። እንደ ልማዱ ለዕድገት ሁለት ጣት ትርፍ ተወለት።

«ማን ነው የሚያድገው?» አለ ነስሮ።

«ዓሣው ነዋ።»

«ሽርጡን የሚለብሰው መስታወቱ አይደለም እንዴ?»

ዘከሪያ አሰበበትና ሦስት ጣት አደረገው።

ነገሩ በመንገዱ ተወራ። ጊደር መጋላ ወርዶ ሽንኩርት የሚገዛ ሁሉ ቆም እያለ ያያል። ሽርጡ ወገቡ ላይ ላስቲክ አለው፣ ከመስታወቱ ጠርዝ ሥር የሚይዝ። ከወገቡ በታች ሽንሽን ነው። ጫፉ ወደ ውጭ ታጥፎ ዙሪያውን ቦይ ሠርቷል፤ ቦዩ ወደ አንድ ጥግ ያዘቀዝቃል፤ ጥጉ ላይ አንድ እጅጌ ተንጠልጥሏል፤ እጅጌው ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ይገባል። ከሥር ደግሞ ከዚያው ሸራ የተሠራ፣ ወለሉን የሚጋርድ ሰፊ ምንጣፍ፣ ያውም ከአራት ቁራጭ ተገጣጥሞ የተሰፋ፣ ጨርቁ ውሃ እንዲያንሸራትት በቀጭን ቀጭን መስመር ተነድፎ የተሰፋ። ኪስም አለው። ለምን ኪስ አስፈለገ ብላችሁ እንዳትጠይቁ፤ ዘከሪያ ኪስ የሌለው ልብስ ከሱቁ አስወጥቶ አያውቅም።

ጥንቃቄውማ! «ውሃ ጉልበት አለው» አለና ስፌቱን ድርብ አደረገው። አደረና አላመነውም፤ ሦስተኛ ደገመው። ቦዩ ላይ፣ ዋናው ቦታ ስለሆነ፣ አራት ጊዜ ሄደበት። ነስሮ እንኳ መጨረሻ ላይ ቀልዱን ትቶ በጣቱ ዳሰሰው። «ማሻአላህ፣ የሙሽራ ልብስ ይመስላል» አለ። «ሲሞት አብረህ ገንዘው።»

አርብ ከሰዓት አለበሰው። አኳሪየሙ ሰማያዊ ሽርጡን አገልድሞ፣ ኪሱን ወደ በሩ አድርጎ፣ ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው መስሎ ቆመ። ሱመያ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ዞረችው።

«ለእኔ ከሰፋህልኝ አራት ዓመት ሆኖኛል» አለች።

«የአንቺ ወገብ ላስቲክ አይፈልግም» አለ ዘከሪያ። ይህ በትዳራቸው ውስጥ የተናገረው ከሁሉ ያማረ ነገር ነበር፤ እሷም አንድ ቀን ሙሉ አልተቆጣችውም።

ቅዳሜ ነገሩ ሁሉ ደረቅ ነው። ደንበኛው ይመታል፣ ሞተሩ ትፍ ይላል፣ ዘከሪያ ሽርጡን በመዳፉ ዳሰስ ያደርጋል፤ ደረቅ! አንድ ነገር ብቻ ትንሽ ገረመው፤ ይህን ያህል ውሃ ሲዘል ውሎ ጀሪካኑ ውስጥ የተጠራቀመው አንድ ሲኒ አይሞላም። «ተንኖ ይሆናል» አለ። ደስተኛ ሰው ብዙ አይመረምርም።

እሑድ ጠዋት አፎቻው የሚመጣበት ቀን ነው። ዘከሪያ ደጅ ጫማ ሲያስተካክል ሱመያ ከውስጥ ጠራችው።

«ዘከሪያ።»

ሱመያ ስትጮህ አያስፈራም። ዝግ ስትል ነው። ዘከሪያ በባዶ እግሩ ገባ። ሱመያ ተንበርክካ የምንጣፉን ጫፍ ገልጣ ይዛለች። ከሥሩ ያለው ወለል ጠቁሯል፤ የሆነ ቦታ ላይ አይደለም፤ ከዳር እስከ ዳር፣ እኩል፣ ውሃ የጠጣ ቀይ።

«ያ ረቢ!» አለ ዘከሪያ። ሽርጡንም ምንጣፉንም ስቦ አወጣና ሸራውን ወደ በሩ ብርሃን ዘረጋው። ሰማያዊው ሸራ ሰማይ ሆነበት፤ ሺህ፣ ሁለት ሺህ፣ አምስት ሺህ ትናንሽ ከዋክብት፣ በመስመር በመስመር ተሰልፈው። ነጠላ የሰፋበት ጥቂት፣ ድርብ የሰፋበት ብዙ፤ አራት ጊዜ የሄደበት ቦይማ ወንፊት። መርፌው በሄደበት ሁሉ በር ከፍቷል። ቁራጭ ሸራ እንዲሁ ሳይሰፋ ቢዘረጋ ኖሮ ወለሉን ጠብታ አይነካውም ነበር።

መደቡ ላይ ቁጭ አለ። አርባ ዓመት ሙሉ ስፌት ማለት መዝጋት ይመስለው ነበር። ለካ መርፌ መጀመሪያ ይበሳል።

«ማልሻል» አለ።

«ምያለሁ» አለች።

ዘከሪያ ጆግ አምጥቶ ከአኳሪየሙ ውሃ ቀዳ፤ ደንበኛውን በማጥለያ አውጥቶ ጆጉ ውስጥ ጨመረው። ደንበኛው ጆጉ ውስጥ አንድ ዙር ዞረና አፉን ከፈተ፤ ዘጋ። አቶ ኒቆዲሞስ ድሬዳዋ ናቸው። ነስሮ ይጠብሰዋል። የት ይወስደዋል? ጆሮው ውስጥ ያ መኪና ቀስ ብሎ መርገጥ ጀመረ።

ሱመያ ወደ እሱ አላየችም። ንዴቷ እጇ ላይ ነበር። የወንዝ ድንጋይዋን አንስታ፣ ሴቶቹ ሳይመጡ እርጥበቱን ለማጥፋት ብላ፣ ያን የጠቆረ ወለል ታሸው ጀመር። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ ክንዷን በሙሉ ጥላበት። ከዚያ እጇ ቆመ። ጎንበስ አለች። እንደገና አሸች፤ አሁን ግን ቀስ ብላ።

«ቆይ» አለች።

ዘከሪያ ጆጉን ታቅፎ በሩ ላይ ቆየ።

ድንጋዩ የሄደበት አፈር ያበራል። ጉድጓድ የለ፣ ሰንበር የለ፣ ሽምብራ የለ። ሱመያ ጎንበስ ስትል የራሷን ነጠላ ጥለት አየችበት። እንዲህ ያለ ወለል አይታ የምታውቀው ልጅ ሳለች፣ እናቷ እፍ ሲሉ ነው።

«ዘከሪያ…» አለች፤ ወዲያው ከደጅ «አሰላሙ አለይኩም!» ተባለ።

ሃያ ሦስት ሴቶች ናቸው፤ ከፊት እማማ አይሻ በከዘራቸው። እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ቆሙ። እንደ ልማዳቸው ወለሉን አዩ። ሱመያ ሁለቱን ቃላት ለመዋጥ ተዘጋጀች።

ቃላቱ አልመጡም። እማማ አይሻ ከዘራቸውን ለአንዷ ሰጥተው፣ ጉልበታቸውን እያስጮሁ ጎንበስ አሉና ያን የሚያበራውን ቦታ በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«እፍ ያለው ማነው?» አሉ።

ሱመያ በአገጯ ወደ በሩ ጠቆመች። «እሱ ነው፣ እማማ።»

ሃያ ሦስቱም ዞረው ዘከሪያን አዩት።

«እሱ አይደለም» አለች ሱመያ። «ጆጉ ውስጥ ያለው።»

ነገሩ ሁሉ ተነገረ፤ ጭራው፣ ትሪው፣ እግሩ፣ ሽርጡ። ሸራው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ሁሉም በየተራ ወደ ብርሃኑ ዘርግታ አየችው፤ አንዷ እጇን ኪሱ ውስጥ ከትታ «ይሄ ለምንድን ነው?» አለች። ከዚያ ሱመያ መሐላዋን ተናገረች። ወለሉ ግማሽ ክንድ ብቻ ነው ያማረው፤ የቀረው ከጎኑ ሆኖ አፍሮ ይታያል። ዓሣው ከወጣ እንዲያ ሆኖ መቅረቱ ነው። እንዳይወጣ ቢፈለግ ደግሞ ወላሂ ይወጣል ተብሏል።

«ጠብታው የዓሣው አይደለም፣ የሽርጡ ነው!» አለች አንዷ።

«ዓሣው ጭራው ብቻ ነው የእሱ፤ ውሃው የአላህ ነው!» አለች ሌላዋ።

«በበሩ አውጥቶ በጓሮ ቢያስገባውስ? ወጣ አይደል!»

እማማ አይሻ ከዘራቸውን ነጥቀው መደቡን መቱት። «አስታግፊሩላህ! መሐላ ላይ ብልጠት የለም። ስሚኝ ልጄ። ሰው ምሎ ከማለበት የሚሻል ነገር ቢያይ፣ የሚሻለውን ይሠራል፤ ለመሐላው ደግሞ ማካካሻውን፣ ከፋራውን፣ ይወጣል። አሥር ሚስኪን ያበላል። ወይም…» አሉና አቆሙ። ዓይናቸው ቀስ ብሎ ከጆጉ ወደ ጆጉ ባለቤት ሄደ። «ወይም አሥር ሚስኪን ያለብሳል።»

ሃያ ሦስቱም እንደገና ዞሩ።

ዘከሪያ ጆጉን ጠበቅ አድርጎ አቀፈው። «ልክ ልውሰድ?» አለ።

ያን ሳምንት መኪና ግርግር ላይ ከዘከሪያ መኪና የጠነከረ ድምፅ አልተሰማም። አሥር ጀለቢያ፤ በደህና ጨርቅ፤ ሱመያ ራሷ የመረጠችው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አይታ «ትልቅ ሰው የሚለብሰውን ለምን ትርፍ ትተውለታለህ?» አለችው፤ «ሰው መቼ እንደሚያድግ አይታወቅም» አላት። ነስሮ እንኳ አንዱን እጅጌ ሰፋለት፤ «ለዓሣ የሰደቃ ልብስ ስሰፋ ይኸው ሸመገልኩ» እያለ።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ኤረር በር ላይ ሰጣቸው፤ እንጨት ተሸክመው ከታች ለሚወጡ፣ ከገበያው ዳር ለሚያድሩ። አሥረኛውን የወሰዱት አንድ ሽማግሌ ተሸካሚ ናቸው። ልብሱን ወደ ፀሐይ ዘርግተው አገላብጠው አዩት።

«ዝናብ ያስገባል?» አሉት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ዘከሪያ «ኧረ በጭራሽ!» ባለ ነበር። አሁን ግን አንድ የሚያውቀው ነገር አለ።

«ያስገባል፣ አባቴ» አለ። «የተሰፋ ነገር ሁሉ ያስገባል።»

ሽማግሌው «እውነተኛ ሰፊ ነህ» ብለው መርቀውት ሄዱ።

ቤቱ ሲገባ ሱመያ ነጠላዋን አሸርጣ ትጠብቀዋለች። «ደንበኛህ ርቦታል፤ ከዚያ በፊት ግን ያዝልኝ» አለች። የብረት ማቆሚያውን በአራት እጅ ይዘው፣ አኳሪየሙን ከነሽርጡ፣ ከነኪሱ፣ ከነዓሣው፣ አንድ ስንዝር ወደ በሩ አስጠጉት። ያለፈው ሳምንት ቦታ አብርቶ ቀረ። ሱመያ በስንዝሯ ወለሉን ለካች፤ እስከ በሩ ሃያ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። እማማ አይሻ ደግሞ ከዚያ በኋላ ወረፋ ይዘዋል።

ቁንጥሯን ምግብ የሰጠችው ሱመያ ናት። ደንበኛው በጭራው መታ፤ ውሃው ዘሎ ሽርጡ ላይ ወረደ፤ በሽርጡም አልፎ፣ በምንጣፉም አልፎ፣ በአምስት ሺህ በሮች እየገባ፣ ጤዛ ሆኖ ወደ ታች ሄደ።

ዘከሪያ መደቡ ላይ ተቀምጦ ጆሮውን ሰጠ። ምንም አልሰማም።